ማኔዎና ቀበቶው

የሰመመን ባለሙያዋ ማኔዎ ኦፕራሲዮን ጠረጴዛ ላይ የተኛን ወንድ «ያምዎታል?» ብላ አትጠይቅም። ድሮ ትጠይቅ ነበር፤ መልሱ ምንጊዜም አንድ ሲሆንባት ተወችው። ፈረስ ረግጦ እግሩን የሰበረውም፣ የበግ መሸለቻ መቀስ ጅማቱን የበጠሰውም፣ ከገደል የተንከባለለውም መልሳቸው፣ እናቴ ብለው እያከበሯት፣ «ደህና ነኝ፣ ምሜ» ነው። ላቡ በግንባሩ እየወረደ፣ ጥርሱን ነክሶ፣ ደህና ነኝ። «ወንድ በግ ነው፣ የሚያለቅሰው በሆዱ ነው» የሚለውን አባባል በዚህ ተራራ ላይ ያለ ወንድ ገና በእናቱ ጀርባ ታዝሎ ነው የሚሰማው። አባባሉ ያምራል። ስንቱን ሰው እንደጎዳ ግን ማኔዎን ጠይቋት።

ስለዚህ የምትጠይቀው ስለ ፍየል ነው። ጸደይ ሲመጣ ሸለታ ቤት የዋለ ሁሉ እንደሚያውቀው፣ በግ መቀሱ ቆዳውን ቢሸርፈው እንኳ ዝም ብሎ ይተኛል፤ ፍየል ግን ገና ቀንዱ ሲያዝ መንደሩን በጩኸት ያምሳል። ማኔዎ ወደ በሽተኛው ጆሮ ዝቅ ትልና፣ በአክብሮት አባቴ ስትል፣ «ንታቴ፣ አሁን በእርስዎ ቦታ የተኛው ፍየል ቢሆን ኖሮ ይጮህ ነበር?» ትላለች።

ሰውየው መጀመሪያ ይስቃል። ቀጥሎ ጣሪያ ጣሪያውን እያየ ያስባል። «ፍየል ከሆነማ … ይጮሃል።»

«ትንሽ ነው ብዙ?»

«ፍየል አመሉን ታውቂው የለ? ብዙ ነው የሚጮኸው።»

ያን ጊዜ መርፌዋን ታነሳለች። ነገር በምሳሌ የሚባለው እንዲህ ላለው ጊዜ ነው፤ የሰውየው ክብር ሳይጎድል እሷ ማወቅ ያለባትን አወቀች።

ያ ሁሉ ፍየል የሚጮኸው ደግሞ በቢላዋው አይደለም፤ በቀበቶው ነው። ሐኪም እጅ ወይም እግር ሲከፍት ደም እንዳያስቸግረው፣ ክንድ ወይም ጭን ላይ በአየር የሚነፋ ቀበቶ አስሮ ደሙን ያግዳል። ጀርባ ላይ የሚወጋው ማደንዘዣ መርፌ ከወገብ በታች ያለውን ሁሉ ስላደነዘዘው በሽተኛው ቢላዋውን አያውቀውም። ቀበቶውን ግን ያውቀዋል። ሰዓቱ ሲገፋ ከጭን ውስጥ አንድ ከባድ፣ የሚያፍን ሕመም ይነሳል፤ የልብ ምት ይፈጥናል፤ የደም ግፊት ሽቅብ ይወጣል። የደነዘዘ እግር እንዴት ያማል የሚል ሰው አለ። ማኔዎ ለእሱ ቀበቶውን ጭኑ ላይ አስራ፣ ነፍታ፣ ሻይዋን ጠጥታ ብትመለስ ደስ ይላት ነበር። ሥራዋ አይፈቅድላትም እንጂ።

ከሴንቁ ወንዝ በላይ ባለው በዚህ ትንሽ የተራራ ሆስፒታል የሰመመን ባለሙያ እሷ ብቻ ናት። ሥራዋን ከጀመረች ጀምሮ አንድ ሕግ አላት፦ በእሷ ጠረጴዛ ላይ ማንም በቀበቶ አይሰቃይም። መድኃኒቱ ቀድሞ ይሰጣል፤ ሕመሙ ሥር ከሰደደ በኋላ እሱን ማባረር ውሃ እንደ መውቀጥ ነው።

ይህን ሕግ ከትምህርት ቤት አልተማረችውም። ያመጣችው ከአባቷ ነው።

አባቷ ንታቴ ፓኪሶ በጎልማሳነታቸው ጆሃንስበርግ ወርቅ ቆፋሪ ነበሩ። ጉድጓድ ውስጥ ድንጋይ ወርዶ እግራቸውን ከቁርጭምጭሚት በላይ ሰበረው። አገር ቤት ሲመለሱ አጥንቱ መግል ይዞ ነበር፤ አንድ ሐኪም የሞተውን አጥንት ጠርጎ ለማውጣት ጠረጴዛ ላይ አወጣቸው። የጀርባ መርፌ ወጓቸው፣ ቀበቶውን አሰሩላቸው፣ ሥራው ተጀመረ። ፓኪሶም እንደ በግ ተኙ። እኩሌታው ላይ ሲደርሱ ግፊታቸው ጣሪያ ነካ። «ያምሃል?» ቢሏቸው «ደህና ነኝ» አሉ። ሐኪሙም ልባቸው ሊቆም ነው ብሎ ፈራና ቀበቶውን ፈታ፤ ደሙ የተከፈተውን አጥንት ሞላው፤ የቀረውን አጥንት እንደቀረ ትተው ሰፉት። ወደ ቤት ሲሰዷቸው የግፊት በሽተኛ ነህ ብለው ክኒን ሰጧቸው። ሰውየው ከዚያ በፊትም ሆነ ከዚያ በኋላ ግፊት የሚባል ነገር አልነበረባቸውም። ክኒኑን ስንት ጊዜ እንደዋጡት እንጃ፤ ማኔዎ እንደምትጠረጥረው ግማሹን የበላው ፈረሱ ነው።

ያኔ ልጅ ነበረች። ማታ እግራቸውን በሙቅ ውሃ ስታጥብ፣ «ቢላዋው አላመመኝም» አሏት ድንገት። «ቀበቶው ነው። ለማንም እንዳትናገሪ።»

አልተናገረችም። ከዓመታት በኋላ ማሴሩ ላይ የሰመመን ትምህርት ስትማር አስተማሪዋ፣ ቀበቶ ሲቆይ ግፊት የሚወጣው ከሕመም ነው ሲል ሰማች። ብዕሯን አስቀምጣ ተቀመጠች። አባቷን አንድ ቃል ነበር የጎደላቸው። «ያመኛል» ቢሉ ኖሮ መድኃኒት አግኝተው፣ አጥንታቸው ተጠርጎ ባለቀ ነበር። በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት አይገኝለትም ይባል የለ? በዚያ ቀን በጣም ተናደደች። በአባቷ ነው የተናደደችው፣ ከዚያ በሐኪሙ፣ መጨረሻ ላይ በበጉ።

የዘንድሮው ክረምት ሲወጣ የፓኪሶ እግር ዳግመኛ ፈነዳ። ከቁስሉ የአጥንት ስባሪ ይወጣ ጀመር። ከኮንጎ መጥቶ እዚህ ተራራ ላይ የከረመው ዶክተር ኢሉንጋ የራጅ ፎቶውን ብርሃን ላይ አንስቶ አየና ለማኔዎ ሳይደብቅ ነገራት።

«አንድ ዕድል አለን። ሙሉ በሙሉ ከጠረግነው እግሩ ይተርፋል። እንደ በፊቱ ግፊታቸው ወጥቶ ቀበቶውን ከፈታሁ ግን አበቃ፤ የሚቀጥለው ከጉልበት በታች መቁረጥ ነው። ሙሉ ሰመመን ደግሞ ያ የማዕድን አቧራ የበላው ሳንባቸው አይችለውም።»

«የጀርባ መርፌ ይበቃል» አለች ማኔዎ። «ለቀበቶው ኬታሚን እሰጣቸዋለሁ፣ ጥቂት ጥቂት።»

«ሞርፊን?»

«ትንፋሻቸውን እፈራለሁ። ኬታሚን ትንፋሽ አይነካም።»

ዶክተሩ ተስማማ። ያልተስማሙት ፓኪሶ ናቸው።

ከቤታቸው ደጅ ብርድ ልብሳቸውን ተከናንበው፣ እግራቸውን በርጩማ ላይ ሰቅለው አገኘቻቸው። አብረዋቸው የተቀመጡት የሆስፒታሉ ዘበኛ ንታቴ ሌፖቆ ነበሩ፤ ሁለቱ በአንድ ዓመት ተራራ ወጥተው፣ በአንድ ጎጆ ተገርዘው፣ ወንድ ተብለው የወረዱ ናቸው። ማኔዎ ነገሩን ሁሉ አስረዳች። ሽማግሌው እስከ መጨረሻው ሰሟት።

«ያ መድኃኒት፣ ያ የሚያስለፈልፈው ነው?» አሉ።

ማኔዎ ከየት እንደሰሙት ገባት። ባለፈው ዓመት ከማዶ መንደር አንድ ጎረምሳ ጭኑ ተሰብሮ መጥቶ፣ ብዙ ኬታሚን ተሰጥቶት፣ የመንደሩን አለቃ ምራት በስሟ እየጠራ ሲያቆላምጣት በመስኮት ተሰማ። ከዚያ ወዲህ የመድኃኒቱ ስም በየመንደሩ «አስለፍላፊው» ሆኖ ቀረ። ጎረምሳውም እስካሁን በአለቃው ደጅ አያልፍም።

«ያ ብዙ ተሰጥቶት ነው፣ ንታቴ። ለእርስዎ ጥቂት ነው።»

«ጥቂት ቢራም አፍ ይከፍታል።»

«አንተ ደግሞ፣» አሉ ሌፖቆ፣ «በቢራ ምን ያልለፈለፍከው ነገር አለ?»

«በቢራ የምለፈልፈው ውሸት ነው። በመርፌው እውነት ቢወጣስ?»

ሌፖቆ ሳቁ፤ ሳቃቸው ግን ወዲያው ቆመ። ምን ማለት እንደሆነ ገብቷቸዋል። ማኔዎም ገባት። ሲገረዙ ተራራ ላይ የተማሩት ነገር፣ ኮማ የሚሉት የምስጢር መዝሙር፣ የወንዶች ብቻ ነው፤ ሴት አትሰማውም፣ ያልተገረዘም አይሰማውም። ከራስጌያቸው የምትቀመጠው ደግሞ ሴት፣ ያውም ልጃቸው።

«ሌላ ሰው ይስጠኝ» አሉ ፓኪሶ።

«ሌላ ሰው የለም።»

«እንግዲያስ ይቆረጥ።»

«ለመቁረጥም ቀበቶ ይታሰራል፣ ንታቴ።»

ይህን አላሰቡትም ነበር። ወደ ተራራው አዩ። በጎቻቸው እዚያ ላይ ናቸው፣ በረት ጠባቂዎቹ ዘንድ፤ ወደዚያ በፈረስ ካልሆነ አይወጣም፤ ሸለታውም ቀርቧል።

«ያኛውን ችዬዋለሁ፣ ይሄንንም እችለዋለሁ» አሉ።

ማኔዎ ያን ጊዜ ተነሳች። በአባቷ ላይ ድምፅ ከፍ አድርጋ አታውቅም፤ አሁንም አላደረገችም። «አልቻሉትም» አለች። «ዝም አሉ እንጂ አልቻሉትም። አንድ ቃል ቢናገሩ ያ አጥንት ያኔ ያልቅ ነበር። ሆዴ ይፍጀው ብለው ዝም አሉ፣ እሱም እግርዎን ፈጀው። እኔ ባለሁበት ይህ አይደገምም። ምስጢርዎን አልፈልገውም፣ ንታቴ፤ እግርዎን ነው የምፈልገው።»

ሌፖቆ ትንባሆአቸውን ረግጠው አጠፉ። ፓኪሶ መሬት መሬት ያዩ ነበር፤ ከልጅ አፍ እንዲህ ያለ ነገር ሰምተው አያውቁም።

«እኔ ከራስጌው ብቀመጥስ?» አሉ ሌፖቆ ቀስ ብለው። «እኔ ቃሉን አውቀዋለሁ። የማይሆን ነገር ወደ አፉ ሲመጣ ካየሁ አፉን እይዛለሁ።»

«እስክትይዘኝ ድረስስ?»

ማኔዎ አሰበች። «እስኪይዙዎ ድረስ እንዘምራለን። እኔም፣ ነርሷም። የቤተ ክርስቲያን መዝሙር። እየዘመረ የሚሰማ ጆሮ የለም።»

«ዶክተሩስ?»

«ዶክተሩ በእኛ ቋንቋ የሚያውቀው ‹ተንፍሱ› እና ‹ያማል› ብቻ ነው።»

ፓኪሶ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አሉ። ፈገግታው ቶሎ ጠፋ፤ ግን እሺ አሉ።

ዶክተር ኢሉንጋ ነገሩን ሲሰማ እጁን እየታጠበ ነበር። «ኦፕራሲዮን ክፍል ውስጥ መዝሙር?»

«እርስዎስ በየቀኑ በስልክዎ የኪንሻሳ ጊታር ያሰሙን የለ? አንድ ቀን የእኛን ቢሰሙ ምን ይሆናሉ?»

«ድምፅሽ እንዴት ነው?»

«መጥፎ ነው።»

«እሺ» አለና ክርኑን ወደ ላይ አድርጎ ገባ።

ጠረጴዛው ላይ ሲተኙ ፓኪሶ አነሱባት። ያለ ብርድ ልብሳቸው አይታቸው አታውቅም። የጀርባውን መርፌ ራሷ ወጋች። እግሩ መደንዘዙን አረጋገጠች። ከዚያ፣ ቀበቶው ከመነፋቱ በፊት፣ ከኬታሚኑ ጥቂት በደም ሥራቸው አስገባች። ሌፖቆ አረንጓዴ ጋዋን ለብሰው፣ ቆባቸው ቅንድባቸው ላይ ወርዶ፣ ከራስጌ ተቀምጠዋል። ከመሣሪያው ጠረጴዛ አጠገብ ነርስ ሊምፖ ቆማለች።

«ይነፋ» አለ ዶክተሩ። ቀበቶው ተነፋ፤ መዝሙሩም ተነሳ።

ሊምፖ ወፍራም፣ ቀጥ ያለ ድምፅ አላት፤ የማኔዎን ስህተት ትሸፍንላታለች። ሥራው ቀጠለ። ዶክተሩ አጥንቱን ይፍቃል፣ ያጥባል፣ እንደገና ይፍቃል፤ የሞተው አጥንት ቀለሙ ሌላ ነው፣ እያንዳንዱን ስባሪ ሳህን ላይ ይጥላል። ማኔዎ እየዘመረች ዓይኗ ከሞኒተሩ አይነቀልም። ግፊቱ መልካም ነው። የልብ ምቱ መልካም ነው። የፓኪሶ ዓይን ተከፍቷል፣ ሩቅ ያያል። ከንፈራቸው አልፎ አልፎ ይንቀሳቀሳል፤ ያን ጊዜ ሌፖቆ ጎንበስ ይላሉ፣ ሊምፖም ሳትታዘዝ ድምፅዋን ትጨምራለች።

ሰዓቱ ገፋ። ዶክተሩ የፊተኛው ሐኪም ትቶት ከሄደበት ስፍራ ደርሶ አልፏል። «አሁን ዋናው ነው» አለ። «እዚህ ታች አንድ ትልቅ ስባሪ አለ። አትነቃነቁብኝ።»

የግፊቱ ቁጥር መውጣት የጀመረው ያኔ ነው። መጀመሪያ ትንሽ። ቀጥሎ ደግሞ። የልብ ምቱም ተከተለ። ዶክተሩ ከጭንብሉ በላይ ዓይኑን አነሳ። «ምሜ? ልባቸው ነው?»

ማኔዎ ቀበቶው ነው ብላ ታስባለች። ግን ማሰብና ማወቅ ይለያያሉ፤ የሽማግሌ ልብ ነው፣ በግምት መድኃኒት አይጨመርበትም። መጠየቅ አለባት። እየዘመሩ ደግሞ መልስ አይሰማም።

እጇን አነሳች። ሊምፖ በመሃሉ ዝም አለች። ሌፖቆ ደንግጠው ማኔዎን አዩአትና መዳፋቸውን ከጓደኛቸው አፍ በላይ ዘረጉ። የዶክተሩ መፋቂያ ብረት ድምፅ ብቻ ቀረ፣ እሱም ቆመ።

ማኔዎ ጎንበስ አለች። የአባቷ ፀጉር ሳሙና ሳሙና ይሸታል። «ንታቴ» አለች። «ፍየሉስ?»

የሽማግሌው ከንፈር ተነቃነቀ፤ የሌፖቆ መዳፍ ዝቅ አለ። ማኔዎ የሌፖቆን ክንድ ይዛ አቆመችው። ቢወጣ ይውጣ፤ እሷ አልሰማሁም ትላለች፣ እስክትሞት ድረስ አልሰማሁም ትላለች።

«ይጮሃል» አሉ ፓኪሶ። ድምፃቸው ከሩቅ የመጣ ነበር። «ፍየሉ ይጮሃል፣ ልጄ። በጣም ነው የሚጮኸው።»

ማኔዎ ዓይኗ እንባ ሞላ፤ እንባውን የሚጠርግ እጅ ግን አልነበራትም፣ ሁለቱንም ወደ መርፌው ወስዳ ነበር። «ልብ አይደለም፣ ዶክተር» አለች። «ቀበቶው ነው። አይፍቱት። ትንሽ ይታገሱኝ።» መድኃኒቱን ጨመረች፣ ቀስ ብላ፣ ዓይኗን ቁጥሩ ላይ ተክላ። ቁጥሩ ቆመ። እንደ ግትር በቅሎ ጥቂት ባለበት ቆየ። ከዚያ መውረድ ጀመረ።

«መዝሙሩ?» አለ ዶክተሩ ብረቱን እያነሳ። «ለምጄው ነበር።»

ሊምፖ ካቆመችበት ቀጠለች። ሁለተኛው አንቀጽ ሳያልቅ ትልቁ ስባሪ ሳህኑ ላይ ኳ ብሎ ወደቀ። ዶክተሩ ጉድጓዱን አጠበ፣ አየ፣ እንደገና አጠበ፤ ከሥሩ ንጹሕ፣ ጤነኛ አጥንት ብቻ ነበር። «ይፈታ» አለ። ቀበቶው ተፈታ። ነጥቶ የነበረው የሽማግሌው እግር ጣት በጣት እየቀላ መጣ።

በማግስቱ ፓኪሶ የበቆሎ ገንፎአቸውን በጎመን እየበሉ ሌፖቆን አስጠሩ። ማኔዎ ከበሩ ውጭ ቆማ ሰማች፤ መስማት አልነበረባትም፣ ግን ሰማች።

«ምን አልኩ?»

«ስለ ፍየል አወራህ።»

«ፍየል ብቻ?»

«ፍየል ብቻ። ሰው እንኳ ሲለፈልፍ ስለ ፈረስ ይለፈልፋል። ያ ጎረምሳስ ስለ ሴት ነው የለፈለፈው። አንተ ስለ ፍየል። አሳፈርከኝ።»

ፓኪሶ ሳል እስኪይዛቸው ሳቁ። ከዚያ፣ «ሌፖቆ፣» አሉ፣ «ቀበቶው ጠፋ እኮ። እግሬ ላይ እንዳለ አውቃለሁ፣ ግን ጠፋ።»

«ልጅህ ናት ያጠፋችው።»

«አውቃለሁ።»

ቁስሉ በየጊዜው ይታጠብ ነበር። እጥበቱ ቀበቶ የለውም፤ ኬታሚንም አያስፈልገውም። አንድ ቀን ጠዋት ማኔዎ ራሷ ፋሻውን ፈታች። የመጨረሻው ጨርቅ ከሥጋው ጋር ተጣብቆ ነበር። በውሃ አራሰችው፣ ቀስ ብላ ሳብ አደረገችው። ሽማግሌው የአልጋውን ብረት ያዙ። ላብ በግንባራቸው ወጣ።

«ንታቴ፣ ፍየል ቢሆን ኖሮ …» ብላ ጀመረች።

«ተይው ፍየሉን» አሉ። አእምሮአቸው ንጹሕ ነበር፣ አስለፍላፊው መርፌም በደማቸው ውስጥ የለም፤ ከማዶው አልጋ ላይ ሁለት ወንዶች ተኝተው ይሰማሉ። ፓኪሶ ዓይኖቿን አዩ። «ያመኛል፣ ልጄ» አሉ። «በጣም ያመኛል።»

ማኔዎ ጨርቁን ለቀቀች። «እሺ» አለች፣ «መድኃኒት ላምጣልዎ»፣ ተነስታም ወደ መድኃኒቱ ክፍል ሄደች።